መንገድ ላይ የቀሩ ሴሎች

የጡረታዬ ሽኝት ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ለስላሳ ተከፈተ። የክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሐኪም፣ «ጋሽ ታከለ በሥራ ዘመናቸው አንድም ናሙና አልጠፋባቸውም» ብሎ ንግግር አደረገ። ሰዉም አጨበጨበ። እውነቱን ነው፤ ናሙና አልጠፋብኝም። ያጠፋሁት ሌላ ነው፤ እሱን ለማንሣት ግን የለስላሳ ጠርሙስ የተደረደረበት ጠረጴዛ ቦታው አልነበረም። ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ።

አሁን አዘዞ፣ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ብቻዬን እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት አለፋት። ልጄ ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውልና «አባዬ፣ በላህ?» ትለኛለች፤ «በላሁ» እላታለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው እናጣለን። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። የሚኒባስ ረዳቶች ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ሲጣሩ ይሰማኛል፤ እኔ ግን የምሄድበት የለኝም። ብቸኝነት ከባድ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ላይ የሚጮኽ ግን አይመስለኝም ነበር።

ጎረቤቶቼ «ሥራዎ ምን ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ «ቆራጭ ነበርኩ» እላቸዋለሁ። «የምን ቆራጭ? የሥጋ?» ይላሉ። «አዎ፣ የሥጋ» እላለሁ። ውሸትም አይደለም። ሐኪም ከታማሚ ገላ ያወጣውን ቁራጭ ተቀብዬ፣ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ አቆይቼ፣ በሰም አጠንክሬ፣ ከፀጉር ክር በብዙ የሳሳ ቅጠል አድርጌ ቆርጬ፣ ቀለም አጠጥቼ፣ መስታወት ላይ ለጥፌ ማቅረብ ነበር ሥራዬ። ዕጢው ክፉ ነው፣ ደግ ነው ብሎ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው። እኔ ምስክሩን አዘጋጅቼ እወጣለሁ። እንደዚያ ወጥቼ ብቀር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

የጀመርኩት እንፍራንዝ ጤና ጣቢያ፣ ከጣት ደም እየወሰድኩ የወባ ተሕዋስ በመፈለግ ነው። ሐይቁ ቅርብ ነውና ወባው ጉድ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ማኅተም የሚወድ ሰው ነው፤ የጥጥ መጠየቂያ ላይ እንኳ ሦስት ቦታ ካላተመ እንቅልፍ አይወስደውም። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም፤ ስለሱ ብዙ አልልም፣ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። ዓይኔ ግን የሠለጠነው እዚያ ነው። በቀን ከመቶ በላይ መስታወት ባየሁበት ቀን እንኳ መጨረሻውን እንደ መጀመሪያው ለማየት እታገል ነበር።

አንድ ቀን ለጉብኝት ከጎንደር የመጣ ሐኪም መስታወቶቼን እያነሣ በመስኮት ብርሃን አያቸው። «ይህን ደም ማን ነው የቀባው?» አለ። የተሳሳትኩ መሰለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እጅህ አይቸኩልም» አለና ሄደ። በሦስተኛው ወር ወደ ጎንደር የመዛወሪያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰውዬው ዶክተር ይኄይስ ነበር።

ዶክተር ይኄይስ ከጎንደር ደብሮች የአንዱ መሪጌታ ልጅ ነው። ከሕክምና በፊት ቅኔ ቤት ገብቷል፣ ዜማም ሞክሯል፤ «ድምፄ ስለማያምር ወደ ሬሳ ምርመራ ገባሁ» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። እኛም ከጀርባው «የኔታ» እንለዋለን፤ ያውቃል፣ አይቆጣም። የሌንሱን መስታወት ሌላ ሰው ከወለወለለት አይቀመጥም፤ እንደገና ራሱ ይወለውለዋል። አንድን መስታወት ሦስት ጊዜ ያያል፤ መጀመሪያ በባዶ ዓይኑ ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ ቀጥሎ በትንሹ ሌንስ፣ መጨረሻ በትልቁ። ሲያይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገመ ነው። ያላየውን ደግሞ አይጽፍም። ከውጤት ወረቀቶቹ ብዙዎቹ ላይ «አልታወቀም» የሚል ቃል አለ። አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም «የኔታ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው አልታወቀም ብለህ ለመጻፍ ነው?» ብሎ ሲተርበው፣ «እሷን ለመጻፍ ነው እንጂ የተማርኩት፤ ሌላውንማ ሳልማርም እጽፈው ነበር» አለው።

እኔን መቁረጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለቆራጭ ከሰው ገላ ሁሉ አስቸጋሪው አንጎል ነው። ሲወጣ እንደ እርጎ ልል ነው፤ ሳምንታት ፎርማሊን ውስጥ ካልቆየ ቢላ አይነካውም። ሰም ከጠጣ በኋላም ቶሎ ይደርቅና ይፈረካከሳል። ስለዚህ የሰሙን ብሎክ በበረዶ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ከዚያ አፌን አስጠግቼ በትንፋሼ አረጥበዋለሁ፤ ያኔ የመቁረጫ መሣሪያውን፣ የማይክሮቶሙን፣ እጀታ በአንድ ዓይነት ፍጥነት አዞራለሁ። ቅጠሎቹ ተያይዘው እንደ ጥብጣብ ይወርዳሉ። ጥብጣቡን በለስላሳ ብሩሽ አንሥቼ ለብ ያለ ውሃ ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ሽብሽቡ ይፈታል፤ መስታወቱን ከሥሩ አስገብቼ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ። በዚህ መሐል መብራት ከጠፋ ውሃው ይቀዘቅዝና የግማሽ ቀን ልፋት ገደል ይገባል። ዶክተር ይኄይስ እንዲህ ሲሆን አጠገቤ ወንበር ስቦ ይቀመጥና መብራቱ እስኪመጣ ያስተምረኛል። ለካ መብራት ኃይል በዚህ እንኳ ባለውለታዬ ነበር።

ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ ነው የጠየቀኝ።

«ታከለ፣ የአንጎል ቅርፊት ላይ ያሉት የነርቭ ሴሎች የት ነው የተወለዱት?»

«እዚያው ካሉበት ነዋ» አልኩ።

ሣቀብኝ። «አይደለም። እነሱ ሁሉ ስደተኞች ናቸው። አንጎል መሐል ውሃ የተኛበት ጉድጓድ አለ አይደል? የሚወለዱት ከሱ ዳር ነው። ልጁ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ከዚያ ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ።»

መንገዳቸው ከጉድጓዱ ዳር እስከ ላይኛው ገጽ የተዘረጋ ቀጭን ክር ነው፤ ክሩም የሌላ ሴል ክንድ ነው። ተጓዡ ሴል ክሩን ይይዝና መጀመሪያ እጁን ወደ ፊት ይልካል፤ ቀጥሎ መሐሉ ያለውን አስኳሉን ወደ እጁ ይጎትታል። መላክ፣ መጎተት፤ መላክ፣ መጎተት። ቀድመው የወጡት ታች ያርፋሉ። ኋላ የተወለዱት እነሱን አልፈው ከበላያቸው ይሰፍራሉ። እንዲህ እያለ ስድስት ድርብ ይሞላል። ዶክተር ይኄይስ ሊማሊሞን በእግራቸው ወጥተው ከፍታው ላይ መንደር እንደሚሠሩ ሰዎች አድርጎ ነበር የሚነግረኝ። እኔም ከዚያ በኋላ አንጎል በቆረጥኩ ቁጥር ዳገቱ ይታየኝ ጀመር።

«ማነው መንገዱን የሚነግራቸው?» አልኩት።

«ጂኖቻቸው። ጂን አፍ አለው እንዳትለኝ፤ ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ ነው። ከአንዱ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሴሉ ክሩን የሚይዝበት ነው። ከሌላው የሚሠራው አስኳሉን ለሚጎትተው ገመድ ጉልበት ይሆናል። ሌላው ደግሞ ላይ ሲደርስ ክሩን ልቀቅ የሚለው ምልክት ነው። አንዱ ከጎደለ ሴሉ እጁን ይዘረጋል፣ ገላው ግን አይከተለውም።»

«ከዚያስ?»

«መንገድ ላይ ይቀራል። መሞት ግን አይሞትም። ይኖራል፣ ያለ ቦታው።»

እንዲህ ዓይነቱን አንጎል ያየሁት በውጭ አገር መጽሐፍ ሥዕል ላይ ብቻ ነበር። ቢሻው እስኪመጣ ድረስ።

ቢሻው የሦስት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ታንጉት ከሊማሊሞ ሥር፣ ከድብ ባሕር፣ አዝላው መጣች። አንገቱን ችሎ አያውቅም፤ ጥቂት ወር ከሞላው ጀምሮ በቀን ብዙ ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል። ጠበሉንም አላቋረጡም፣ ጤና ጣቢያውንም አላቋረጡም፤ ማንም «ይህን ሳታደርጉ ቀራችሁ» ሊላቸው አይችልም። በሲቲ ስካን ሲታይ አንጎሉ እጥፋት የለውም። የእኔና የእናንተ አንጎል የተጨማደደ ነው፤ የሱ እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነበር። ዶክተር ይኄይስ ከልጁ፣ ከታንጉትና ከባሏ ከፈንቴ ደም አስወስዶ፣ ውጭ አገር ላለ የቀድሞ ተማሪው ጂናቸውን እንዲያስመረምር ላከ። ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ቢሻው ሳምባው ታሞ ሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ተኝቶ ሳለ ሞተ። ፈንቴ ለአጨዳ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር፤ እናትየው ብቻዋን ነበረች። በእኛ አገር የሞተ ልጅ ይከፈት ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሬሳ በዕለቱ፣ ሙሉውን ይሸኛል። ዶክተር ይኄይስ ወለሉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠና በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቃት። ሳታለቅስ ሰማችው።

«ምክንያቱን ትነግሩኛላችሁ?» አለች።

«ካወቅን እንነግርሻለን። ካላወቅንም አላወቅንም እንልሻለን።»

«እንግዲያ ትንሽ ቁረጡ። የቀረው አብሮት ይሂድ። እኔ ምነው እንዲህ ሆነ የሚለውን ብቻ ነው የምፈልግ።»

ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ ያልበለጠ ቁራጭ ነበር የወሰድነው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የቆረጥኩት የለም። ቀለሙ ሲደርቅ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ስድስት ድርብ መሆን የነበረበት አራት ብቻ ነው። ላይኛው ሳስቷል። ታች፣ መድረስ ከነበረባቸው ቦታ በጣም ርቀው፣ ሴሎቹ ያለ ሥርዓት ታጭቀው ተኝተዋል። ከዳገቱ ግማሽ ላይ የቀሩት እነሱ ነበሩ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ የአንዲት ሴት ልጅ መስታወቱ ላይ ተኝቶ እኔ መቁረጤ ስላማረ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ።

ከቢሻው አርባ በኋላ አያ አድማሱ መጣ። የፈንቴ አባት ነው፤ ነጭ ጥምጥም፣ ረጅም ዘንግ፣ የደብሩ ሽማግሌ። ዶክተር ይኄይስ ያን ሳምንት አዲስ አበባ ነበር። ለሽማግሌው ወንበር ብሰጠው አልቀመጥ አለ።

«ልጄ፣ የልጅ ልጄን ነገር አገኛችሁት አሉ።»

«አግኝተነዋል፣ አባቴ። ይምጡ፣ ላሳይዎት» አልኩና ማይክሮስኮፑን አዘጋጀሁለት። ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ክሩ፣ መንገድ ላይ ስለቀሩት ሴሎች ሁሉንም ነገርኩት። ዶክተር ይኄይስ እኔን ያስተማረኝን አንድ ሳላስቀር አነበነብኩለት። እንደ መምህር መቆም እንዴት እንደሚጣፍጥ ያን ቀን አወቅሁ። ሽማግሌው ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«ሸጋ ነው። ገባኝ። ከማን ወገን ነው? ከእኛ ነው፣ ከሷ?»

ለምን እንደሚጠይቅ አውቅ ነበር። የኛ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር፣ በዘሩ ውስጥም ክፉ ደዌ እንዳይኖር ሽማግሌ ልኮ ያስጠይቃል። ለፈንቴና ለታንጉት የቆጠረው አያ አድማሱ ራሱ ነበር። «ሰባት ቤት የቆጠርኩ እኔ ነኝ። ምን ዘለልኩ?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አንድ ነገር እንድለው ይጠብቅ ነበር፣ እኔም ለመንገር ምላሴን በልቶኝ ነበር።

በዶክተር ይኄይስ መጽሐፍ ውስጥ አንብቤያለሁ። «ወንድ ልጅ ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በእናት በኩል የሚመጣ ነው» አልኩት። «አብዛኛውን ጊዜ» ማለቴን ዛሬም እንደ መከላከያ አነሣዋለሁ። ነገር ግን ሰባት ቤት ቆጥሮ የሳተ የመሰለው ሽማግሌ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ይዞ የሚሄደው የትኛውን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አመስግኖኝ፣ ዘንጉን አንሥቶ ወጣ።

በሁለተኛው ወር ታንጉት ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ነጠላዋ አቧራ ጠግቧል።

«ፈንቴ ሸኘኝ» አለች፤ እህል የተመዘነ ይመስል በተራ ድምፅ። «በሽማግሌ ነው፣ በደንብ ነው የተለያየን። ከብቱንም ተካፍለናል። ወንድሜ ቤት ነኝ። አያ ታከለ፣ የነገሩት አንቱ ነዎት አሉ። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ከዘር የመጣ ነገር ነው፣ አውቀሽ አላደረግሽው» አልኳት። ማጽናናቴ ነበር። የባሰ ነገር መናገሬ የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው። ዶክተር ይኄይስ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ።

«ታከለ፣ ይህን የት አየኸው?»

«መጽሐፉ ላይ።»

«ልጁ ላይስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወደሷ ዞረና ቀስ ብሎ አስረዳት። እንዲህ ዓይነቱን ልሙጥ አንጎል የሚያመጣው አንድ ጂን ብቻ አይደለም። በእናት በኩል የሚመጣ አለ፤ ከእናትም ከአባትም ሳይመጣ ልጁ ሲፀነስ እንደ አዲስ የሚበላሽም አለ፤ መስታወቱ ላይ ሁለቱን መለየት እኛ አንችልም። «አሁን አናውቅም። የደሙ ውጤት ሲመጣ እናውቃለን» አላት።

«አናውቅም የሚል ወሬ ይዤ ብሄድ ማን ይሰማኛል?» አለች። እውነቷን ነበር። ውሃም ሳትጠጣ ተመለሰች።

ዶክተር ይኄይስ ያን ቀን አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ውጤቱ ሲመጣ ድብ ባሕር ድረስ የምትሄደው አንተ ነህ። ለሷም፣ ለአማቷም፣ ለሁሉም በአፍህ ትነግራለህ» አለኝ። «እሄዳለሁ» አልኩት።

ውጤቱ በሦስተኛው ዓመት መጣ። ዶክተር ይኄይስ ያኔ ጡረታ ወጥቶ፣ ታሞ ቤቱ ነበር፤ ፖስታው በእኔ ስም ደረሰ። እንግሊዝኛዬ ለዚያች ለአንዲቷ መስመር በቂ ነበር። አስኳል በመጎተት ሥራ ላይ ያለ አንድ ጂን ልጁ ላይ ተበላሽቷል። ያ ብልሽት እናትየው ላይ የለም። አባትየውም ላይ የለም። ሽማግሌው አንድም ቤት አልዘለለም፤ ታንጉትም ለልጇ ያወረሰችው ክፉ ነገር አልነበረም። በልጁ የጀመረ፣ በልጁ ያበቃ ነገር ነበር።

ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ቅዳሜ አልሄድኩም። ቀጥሎ ጾም ገባ። ቀጥሎ ክረምት ሆነ። ስለ ወረቀቱ ባለቤቴ እንኳ አታውቅም ነበር። አያ አድማሱ ፊት ቆሜ «ያን ዕለት የነገርኩዎት ልክ አይደለም» ማለት፣ የዚያን ሰው ፊት ማየት፣ ከበደኝ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ኋላ ሽማግሌው ሞተ፣ ፈንቴም ሌላ አግብቶ ወለደ ሲሉ ሰማሁ፤ «አሁን ቢነገርስ ምን ይፈይዳል?» የሚል ምክንያት አገኘሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የሚዘጋበት ዓመት መጣ፤ ያም ለእኔ በጀኝ። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከቀለም መመሪያዎቹ ሥር አስቀመጥኩት። ፋይል ማድረግ ነው እንግዲህ ሥራዬ፣ ፋይል አደረግሁት።

ዶክተር ይኄይስን በየሳምንቱ እጠይቀው ነበር። ውጤቱ እንደመጣ ነግሬው ነበርና ከሁለት ወር በኋላ አልጋው ላይ ሆኖ «ነገርካት?» አለኝ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ አለቀሰች። ኋላ ደስ አላት» አልኩት። የፊቷን ሁኔታ፣ የቤቱን በር፣ ጎረቤቶቿ መሰብሰባቸውን ጭምር ጨምሬ ነገርኩት። ያላየውን የማይጽፍ ሰው፣ እኔ ያላየሁትን እየሰማ ፈገግ አለ። «እሰይ» ብሎ እጄን ያዘኝ። በዚያው ዐቢይ ጾም አረፈ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከሱ በኋላ አፌን ሞልቼ የማዋራው ሰው አላገኘሁም፤ ባገኝም ያን ውሸት ሳልናገር እንዴት አወራለሁ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ባለቤቴም አጠገቤ እያለች ብቻዬን መኖር ጀመርኩ። አዘዞ ላይ የጀመረ ብቸኝነት አይደለም።

ጡረታ ስወጣ መሳቢያዬን ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። ወረቀቱ ከኔ ጋር ቤት ገባ። ሁለት ወር ጠረጴዛው ላይ ተያየን። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሚኒባስ ረዳቶቹ ሲጣሩ ተነሥቼ ወጣሁ።

ድብ ባሕር ወርጄ ስጠይቅ «ታንጉት? የወፍጮ ቤቷ?» አሉኝ። ወፍጮ ቤት ውስጥ እህል ተቀብላ ትመዝናለች። ሞተሩ እየጮኸ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ አየችኝ። ሽፋሽፍቷ ድረስ ዱቄት ለብሳለች። ፀጉሯ የቱ ሽበት፣ የቱ ዱቄት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሞተሩ ሲጠፋ ወጣችና «አያ ታከለ ነዎት?» አለች። አሥራ አራት ዓመት አልፎ አወቀችኝ። «ይቀመጡ። ሞተሩ እስኪበርድ እረፍት አለችኝ።»

ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰላምታው ሲያልቅ ወረቀቱን አወጣሁ። በአማርኛ ገልብጬው ነበርና ቀስ ብዬ አነበብኩላት። አንቺ ላይ የለም። አባቱ ላይ የለም። ከማንም ወገን አይደለም። በቢሻው የጀመረ ነው። እኔ ለአማትሽ የተናገርኩት ስሕተት ነበር።

እንድትረግመኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እንባም ቢሆን ጠብቄያለሁ። እሷ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ትመለከት ነበር።

«ከወንድሜ ቤት ሆኜ ሁለት ሰው ጠይቆኛል» አለች። «አንዱ የዳባት ሰው ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ሸጋ ሰው ነበር። እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ሌላ ቢሻው ወልጄ፣ ያን መከራ ሌላ ሕፃን ላይ አላመጣም አልኩ።» ወደኔ ዞረች። «ብወልድ ኖሮ ደህና ይሆን ነበር ማለት ነው?»

«አዎ» አልኩ። «ደህና ይሆን ነበር።»

አንገቷን ነቀነቀች። ከውስጥ ሰዎች ማዳበሪያቸውን ሲጎትቱ ይሰማል።

«ወረቀቱ መቼ ነው የመጣ?»

ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ ቁጥር ነው፤ ታንጉት አታነብም። «ዘንድሮ» ብላት የሚያጋልጠኝ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነው» አልኳት። «እኔ ጋ ነበር።»

ዱቄት የጠገቡ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ቆጠረች። አልቸኮለችም። ሁለት ጊዜ ነው የቆጠረችው።

«ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር» አለች።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። «እህል የሚጠብቁ ሰዎች አሉ» ብላ ተነሥታ ገባች፤ ሞተሩ ተነሣ። የመጨረሻው መኪና እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ቆየሁ። ወፍጮው በቆመ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በሩን አየሁ። አልወጣችም።